ንጉሠ ነገሥቱና እርሾው

ኮምቡቻ ስለተባለው የኮመጠጠ ሻይ የሚጻፉ ታዋቂ መጻሕፍትም ሆኑ በጠርሙስ ላይ የሚለጠፉ መግለጫዎች አንድ ትረካ ይደጋግማሉ። ኮምቡ የሚባል የኮሪያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ414 ወደ ጃፓን ተሻግሮ ንጉሠ ነገሥት ኢንግዮን በዚህ መጠጥ ፈወሰ፤ መጠጡም በስሙ ተጠራ ይላሉ። ትረካው ያምራል፤ ሲመረመር ግን ውሃ አያነሳም።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ይመሰክርበታል። በጃፓንኛ «ኮምቡ» የሚበላ የባሕር አረም፣ «ቻ» ደግሞ ሻይ ነው። ጃፓናውያን «ኮምቡቻ» የሚሉት ከዚሁ አረም የሚዘጋጀውን ትኩስ መጠጥ ነው፤ የኮመጠጠውን ሻይ የሚጠሩት «ኮቻ ኪኖኮ»፣ ማለትም «የሻይ እንጉዳይ» ብለው ነው። ከዚህም በላይ፣ በጃፓን ለንጉሠ ነገሥት ሻይ መቅረቡን የሚያወሳው ቀደምት መዝገብ የ815 ነው፤ ከሐኪሙ ትረካ በ401 ዓመት ይዘገያል።

ለመሆኑ እውነተኛው ምንጭ የት ነው? ሻይ ቅጠሉ አይደለም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ እርሾ አይተርፍም። እርሾዎችና ኮምጣጤ ሠሪ ባክቴሪያዎች በበሰለ ፍራፍሬ፣ በአበባና በፍራፍሬ ዝንብ አካል ላይ በተፈጥሮ ይኖራሉ። ስኳር የገባበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ግሩም ማደሪያ ይሆናቸዋል። እርሾዎቹ ስኳሩን ወደ አልኮል፣ ባክቴሪያዎቹ አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጣሉ። እንጉዳይ የተባለው ስልባቦት መሰል ሽፋንም እንጉዳይ ሳይሆን ባክቴሪያዎቹ የሠሩት ሴሉሎስ ነው፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድሪያን ብራውን እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ በ1886 ገልጾታል።

ይህን ሂደት ሊጥ አቡክታ የምታውቅ የኢትዮጵያ እናት አታጣውም። ከሊጡ ላይ ያቀረረውን እርሾ ቀንሳ ለሚቀጥለው ቡኮ ታኖራለች፤ ያለቀባትም ከጎረቤት ትዋሳለች። የሻዩም «እናት» እንዲሁ ከቤት ወደ ቤት ስትሻገር ኖራለች።

የትረካው ጉዳት ግን ታሪክን ከማሳሳት ያልፋል። ንጉሡ ከተፈወሰ ገዢውም ይፈወሳል የሚል የተሸሸገ ተስፋ ይሸጣል፤ በሰው ላይ የተደረገው ጥናት ግን ጥቂት ነው። ሕመምተኛ ሐኪሙን ትቶ ጠርሙሱን ቢያምን ተጠያቂው ማን ነው? መጠጡ ለጣዕሙ ቢወደድ ይገባዋል፤ ለመወደድም የንጉሥ ምስክርነት አያሻውም።