ድምፁ የማን ነበር?

የኪነ ጥበብ ሥራ ከአንድ በላይ በሆኑ እጆች መሠራቱ እንደ ነውር ሊቆጠር አይገባም። አዝማሪ ከአድማጩ ግጥም ተቀብሎ ሲያዜም ስንኙ የራሱ አለመሆኑ ክብሩን አይቀንስበትም፤ ሰጪው በታዳሚው መካከል ተቀምጦ ይታያልና። ጥያቄ የሚነሣው ሰጪው ከመጋረጃ በስተጀርባ ሲሰወር፣ ተቀባዩም ምርጫ ሲያጣ ነው። ይህን ጥያቄ አጉልተው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1966 እስከ መጋቢት 1968 በአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን በ58 ክፍሎች የታየው «ዘ መንኪስ» ነው።

ተከታታይ ፊልሙ ሥራ የሚፈልጉ ወጣት ሙዚቀኞችን ውጣ ውረድ በቀልድ ይተርካል። ቡድኑ ከፊልሙ በፊት አልነበረም። ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የተባሉት አዘጋጆች በጋዜጣ ማስታወቂያ ጭምር ፈልገው አራት ወጣቶችን አሰባሰቡ። ዴቪ ጆንስና ሚኪ ዶለንዝ ከትወና የመጡ ሲሆኑ፣ ማይክል ነስሚዝና ፒተር ቶርክ ግን ቀድሞውንም ሙዚቀኞች ነበሩ። ዶለንዝ ድራም መምታት የተማረው ለፊልሙ ሲል ነው።

የሙዚቃው ሥልጣን ለተቆጣጣሪው ለዶን ከርሽነር ተሰጠ። ከርሽነር በዜማ ንግድ የተካነ ሰው ነበር፤ ጆሮውም ሊናቅ አይገባም። በእርሱ ዘመን የወጣው የኒል ዳይመንድ ድርሰት «አይም ኤ ቢሊቨር» ዛሬም ሲደመጥ ጉልበቱ አልተነካም። አሠራሩ ግልጽ ነበር፤ ደራሲያኑ ዘፈኑን ያቀርባሉ፣ ቅጥር ሙዚቀኞች መሣሪያውን ይጫወታሉ፣ አራቱ ወጣቶች በአመዛኙ ድምፃቸውን ብቻ ያውሳሉ። ቶርክ መሣሪያውን ይዞ ወደ ስቱዲዮ በገባ ጊዜ እንደማይፈለግ እንደተነገረው በኋላ አውስቷል። በቴሌቪዥኑ መስኮት ግን ሲጫወቱ የሚታዩት እነርሱ ናቸው። የእውነተኞቹ ተጫዋቾች ስም በሸክላው ሽፋን ላይ አልሰፈረም። ስለ አራቱ ወጣቶች ቅሬታ ብዙ ተጽፏል፤ ስማቸው ስለተሰወረው ሙዚቀኞችም የዚያኑ ያህል ሊጻፍ በተገባ ነበር።

ሁለተኛው አልበም «ሞር ኦፍ ዘ መንኪስ» በጥር 1967 ሲወጣ ወጣቶቹ ለትርኢት በጉዞ ላይ ነበሩ። መውጣቱን እንኳ ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለ18 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ክርክሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ሥራው ቢከስር ኖሮ የከያኒው አቤቱታ በቀላሉ በተሰማ፤ ሲያተርፍ ግን ገንዘብ ቆጣሪው ፈራጅ ይሆናል። ነስሚዝ በሸክላዎቹ ላይ የሚጫወቱት እነርሱ አለመሆናቸውን ለጋዜጠኞች ገለጠ። በሆቴል በተደረገ ስብሰባ ላይም ውሉን እንዲያስብ ሲነገረው ግድግዳውን በቡጢ መታ። በየካቲት ከርሽነር ያለ ፈቃድ ነጠላ ሸክላ በማውጣቱ ከኃላፊነቱ ተነሣ። በ1969 እጅግ የተሸጠው «ሹገር ሹገር» የወጣው በእርሱ ኃላፊነት፣ አርቺስ በተባለው በሥዕል በተፈጠረ ቡድን ስም ነው። ሥዕል ስለ ውል አይከራከርም፣ ግድግዳም አይመታም።

በግንቦት 1967 የወጣው «ሄድኳርተርስ» አራቱ ራሳቸው በአብዛኛው የተጫወቱበት አልበም ነው። እንከን አያጣም፤ ድራሙ አልፎ አልፎ ያመነታል፣ ቅንብሩም ከቀድሞው ይልቅ ሻካራ ነው። ነገር ግን ዶለንዝ ራሱ የደረሰው «ራንዲ ስካውስ ጊት» በትልልቅ የኦርኬስትራ ከበሮዎች እየታጀበ ከለዘብታ ወደ ጩኸት የሚሻገር እንግዳ ዘፈን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የትኛውም የገበያ ሰው አያዝም። አልበሙ አንድ ሳምንት ብቻ አንደኛ ከሆነ በኋላ ስፍራውን ለቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ለቀቀ።

በዚያው ዓመት ኅዳር በወጣው አልበም ቅጥር ድራም መቺ ተመልሶ ገባ። ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ አሉ፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። የፈጠራ ሥልጣን እያንዳንዱን ድምፅ በገዛ እጅ ማውጣት ሳይሆን ማን ምን እንደሚጫወት መወሰን ነው፤ በዚህ ጊዜ ወሳኞቹ እነርሱ ነበሩ።

ድሉ ያልደረሰበት ስፍራ ራሱ ፊልሙ ነው። በ1967 የበጋ ወራት የቆዩት ክፍሎች እንደገና ሲታዩ በበርካቶቹ የቀድሞ ዘፈኖች ወጥተው አዳዲሶቹ ገቡ። ሩጫው፣ ዝላዩ፣ መውደቅ መነሣቱ ሳይለወጥ ምስሉ ሌላ ዜማ ለበሰ፤ ልብሱም ልክ ሆነ። ትዕይንቱ ማናቸውንም ዘፈን እንዲሸከም ተደርጎ የተሰፋ ስለ ነበር ዘፈኑ ምን እንደሚል የጠየቀ አልነበረም። በመጋቢት 1968 የታየውን የመጨረሻ ክፍል ያዘጋጀው ዶለንዝ ነበር። በመዝጊያውም ቲም በክሊ የተባለ እንግዳ ዘፋኝ ጊታሩን ይዞ ብቻውን አዜመ። የሚሮጥም የሚዘልም አልነበረም።