በአንድ ክብ የማይገባ ጂኖም

ከደባርቅ ተነስቶ ቡይት ራስን አልፎ ወደ ሳንቃበር ሽቅብ ለሚጓዝ ሰው ከአስታውና ከጓሳው መካከል ጅብራ ብቅ ብቅ ይልለታል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ይህ ተክል ለዓመታት ቅጠል ሲያወጣ ኖሮ አንዴ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። የእጽዋትን ጂኖም ለሚያነብ ባለሙያ ግን ዋናው ነገር ቅጠሉ ነው። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያፈሳል። በቶሎ ካልደረቀ ዲኤንኤው ይበላሻል፤ ስለዚህ ለጋው ቅጠል ተቆራርጦ በወረቀት ከረጢት ይገባና እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ይቀበራል። ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ በደረቅ ይተካል።

ቤተ ሙከራ ሲደረስ ከቅጠሉ የሚወጣው ዲኤንኤ ድብልቅ ነው፤ የኒውክሊየስ፣ የክሎሮፕላስትና የማይቶኮንድሪያ። ማይቶኮንድሪያው በዝግመተ ለውጥ ሂደት ከክሎሮፕላስት ቁርጥራጮች ወስዶ የራሱ አድርጓል። ስለዚህ የማይቶኮንድሪያውን ጂኖም ሲገጣጥሙ አንድ ቁራጭ ክሎሮፕላስት ስለመሰለ ብቻ አይጣልም። ግራ ቀኙ ይታያል፤ ስንት ጊዜ እንደተነበበም ይቆጠራል።

የሰው ማይቶኮንድሪያ ጂኖም 16,569 ቤዝ ጥንድ ያለው አንድ ክብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የአራቢዶፕሲስ ግን ወደ 367,000 ይደርሳል። የደጋው ሰው ሥሩን የሚያጨሰው ወገርት የሚመደብበት የሲሌኔ ወገን ደግሞ የባሰ ልዩነት አለበት፤ በ2012 በወጣ ጥናት ሲሌኔ ላቲፎሊያ 250,000 ያህል፣ ዘመዷ ሲሌኔ ኮኒካ ከ11 ሚሊዮን በላይ ቤዝ ጥንድ ተገኝቶባቸዋል። የኮኒካው ከመቶ በሚበልጡ ክሮሞሶሞች የተከፋፈለ ነው።

ጄፍሪ ፓልመርና ሎራ ኸርበን በ1988 በጎመን ዘመዶች ላይ እንዳሳዩት፣ የማይቶኮንድሪያ ጂኖች ፊደል እጅግ በዝግታ ሲለወጥ አቀማመጣቸው በፍጥነት ይለዋወጣል። ጥራዙ እንደተፈታ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የቅጠሉ ተራ ግን ተዛብቷል። ምክንያቱ በጂኖሙ ውስጥ የሚገኙ ተደጋጋሚ ክፍሎች ናቸው፤ እርስ በርስ እየተገናኙ ዲኤንኤውን ቆርጠው በሌላ መልክ ይቀጥሉታል።

የሙያው ከባድ ውሳኔ እዚህ ላይ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ቁርጥራጮቹን ገጣጥሞ አንድ ያማረ ክብ ሊያቀርብ ይችላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ክቡን ወዲያው አይቀበልም። በእያንዳንዱ ተደጋጋሚ ክፍል ላይ ቆሞ፣ ዳር እስከ ዳር የተሻገሩትን ረጃጅም የዲኤንኤ ንባቦች አንድ በአንድ ያያል። ገሚሶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ገሚሶቹ ወደ ሌላው ካመሩ ሁለቱም አቀማመጦች በተክሉ ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ይመዘግባል።

ይህ ጥንቃቄ እርሻም ድረስ ይዘልቃል። በብዙ ሰብሎች እንዲህ ያለ የአቀማመጥ መቀያየር የወንዴ ዘር የሚያመክን ጂን ይፈጥራል፤ አዳቃዮችም ይህን ምክነት ለድቅል ዘር ማምረቻ ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ያዳቀሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሱዳን ገበሬ የቀረበው ሃጊን ዱራ 1 የተባለ ማሽላ የተመረተው ከማይቶኮንድሪያ በሚመጣ ምክነት ነው።

ሥራው ሲያልቅም የተጠናው ተክል ናሙና ተጫጭኖና ደርቆ፣ የተለቀመበት ቦታና ከፍታ ተጽፎበት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሊቀመጥ ይገባል። ጥሬው ንባብም ከነአማራጭ አቀማመጦቹ ክፍት መሆን አለበት፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ የሚይዝ ወጣት ተመራማሪ ግጥሚያውን ከሥሩ ጀምሮ መፈተሽ የሚችለው ያኔ ነው።