በጎች ያፈለሱት፣ በጎች ያቆዩት መንደር

በእንግሊዝ ገጠሮች ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ ነዋሪ አልባ ሆነው የቀሩ መንደሮች ሦስት ሺህ ገደማ እንደሚደርሱ ይገመታል። ከእነዚህ መካከል በተደረገለት ጥናት ብዛትም ሆነ በዝናው ቀዳሚውን ሥፍራ የያዘው በሰሜን ዮርክሺር፣ ዎልድስ በሚባሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች መካከል የሚገኘው ዋራም ፐርሲ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የገጠር አጥቢያ ማስተዋወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩ እስካሁን የተነገረበትን መንገድ መመርመርም ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሥፍራው የሚሄድ ሰው ወደ ሸለቆው የሚወርደው በእግሩ ነው። እዚያ ሲደርስ በቅድሚያ ዓይኑን የሚስበው ጣሪያ አልባው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንና በ1959 በከፊል የተናደው ማማው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ደልዳላ መሬት ላይ ግን ከሣር በቀር የሚታይ ነገር ያለ አይመስልም። ይሁንና ፀሐይ ዝቅ ስትል ሣሩን ልብ ብሎ ላስተዋለ፣ ጉብታዎቹና ጎድጓዳዎቹ ሥርዓት ይዘው የተሰለፉ መሆናቸው ግልጽ ይሆንለታል። ሰርጎድ ያለው መስመር የመንደሩ መንገድ ነበር፤ አራት ማዕዘን ያላቸው ጉብታዎች የገበሬ ቤቶች መሠረት፣ ከበስተኋላቸው የተዘረጉት ረጃጅም ቅጥሮች ደግሞ ጓሮዎች ነበሩ። በሰሜንና በደቡብ ሁለት የባላባት ግቢዎች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም ራሱ እንደ መዝገብ ይነበባል፤ ምእመኑ በበዛበት ዘመን በጎንና በጎኑ የተጨመሩት ክፍሎች፣ ምእመኑ ሲያንስ ፈርሰው ቅስቶቹ በድንጋይ ተደፍነዋል።

ይህን ሣር አስቀድመው ማንበብ ከጀመሩት አንዱ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ያስተምር የነበረው ሞሪስ ቤረስፎርድ ነበር። ቤረስፎርድ በ1948 ወደ ዋራም ሲመጣ፣ ከታላላቆቹ የአገሩ የታሪክ ጸሐፍት አንዳንዶቹ እንግሊዝ ውስጥ የጠፉ መንደሮች እምብዛም አይገኙም ይሉ ነበር። እርሱ ግን በ1954 ባሳተመው “የእንግሊዝ የጠፉ መንደሮች” በተሰኘው መጽሐፉ ይህን አስተያየት መልሶ ሊነሣ በማይችልበት ሁኔታ አፈረሰው። ከ1950 እስከ 1990 ድረስ በየበጋው በተካሄደው ቁፋሮ ዋናው ባልደረባው የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጆን ኸርስት ነበር። ኸርስት ግድግዳ ተከትሎ ጠባብ ቦይ መቆፈርን ትቶ፣ በዴንማርክ የተለመደውን ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ገልጦ የማጥናት ስልት በእንግሊዝ ገጠር ሥራ ላይ አዋለ። የመኳንንት ቤተ መንግሥትና የገዳማት ፍርስራሽ ብቻ ለቁፋሮ የሚበቃ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ገበሬ ጎጆ መጨነቅ በራሱ ትልቅ የአመለካከት ለውጥ ነበር።

በእኔ እምነት የዋራም ጥናት ትልቁ ምስጋና የሚገባው በረጅም ዘመኑ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ለማረም ባሳየው ፈቃደኝነትም ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የቤቶቹ ጉዳይ ነው። ቆፋሪዎቹ ቀጫጭንና በተደጋጋሚ የታደሱ ግድግዳዎች ስላገኙ፣ የገበሬው ቤት በየትውልዱ ፈርሶ የሚሠራ ደካማ ጎጆ ነበር ብለው ደምድመው ነበር። በኋላ ስቱዋርት ራትሜል ማስረጃውን እንደገና ሲመረምር፣ ጣሪያውን የሚሸከሙት ከታች ተነሥተው ጫፍ ለጫፍ የሚገጥሙ ጥንድ ግንዶች ስለነበሩ ግድግዳው ቢለወጥም ቤቱ ለረጅም ዘመን ሊቆም ይችል እንደነበረ አስረዳ። በዚህ እርማት ሳቢያ፣ ምስኪንና ጊዜያዊ መስሎ የቀረበው ጭሰኛ ቤት ሠርቶ ለልጁ የሚያወርስ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው የመንደሩ አሟሟት ነው። ስለ እንግሊዝ የጠፉ መንደሮች በሕዝብ ዘንድ የሚነገረው ተረክ ከ1348 እስከ 1349 የደረሰው “ጥቁሩ ሞት” ሁሉንም ጠራርጎ ወሰዳቸው የሚል ነው። ወረርሽኙ ዋራምን ክፉኛ እንደጎዳው አያከራክርም። ይሁንና ከዚያ በኋላም መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። የሕዝቡ ቁጥር ቀስ በቀስ እያነሰ ሄዶ፣ በ1500 አካባቢ የመጨረሻዎቹን አራት ቤቶች ያስለቀቀው የመሬቱ ጌታ ባሮን ሂልተን ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለባለመሬቱ ከእህል ይልቅ የበግ ጠጉር የተሻለ ገቢ ያስገኝ ነበር፤ በግ ደግሞ ብዙ አራሽ አይፈልግም።

እዚህ ላይ በትርጉም ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ልብ የሚለው ነገር አለ። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን መንደር የሚጠሩበት “ዲዘርትድ” የሚለው ቅጽል፣ ነዋሪዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው ቦታውን ጥለው እንደሄዱ ያስመስላል። በአማርኛ “ጠፍ” ብንለው አራሽ ያጣ መሬት፣ “ኦና” ብንለው ሰው የሌለበት ቤት በዓይነ ሕሊናችን ይመጣል፤ ሁለቱም ውጤቱን እንጂ አድራጊውን አያመለክቱም። “ሕዝቡ የተነቀለበት መንደር” ካልን ግን አንባቢ ወዲያውኑ “ማን ነቀለው?” ብሎ ይጠይቃል። ለዋራም የመጨረሻ ዓመታት የሚስማማው ይህኛው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለነበረው ረጅም መመናመን ግን “ኦና” የሚለው ይቀርባል። ስለዚህ አንዱን ቃል ብቻ መምረጥ ታሪኩን በግማሽ መናገር ይሆናል። በሽታን ብቻ የሚወቅስ ሰው ባለመሬቱን ነፃ ያወጣል፤ ባለመሬቱን ብቻ የሚወቅስ ደግሞ መቶ ሃምሳ ዓመት የወሰደውን መዳከም ይረሳል።

ከዚህ አንጻር የዘመኑን ሌላ ዝነኛ መጽሐፍ ማስታወሱ ተገቢ ነው። ደብልዩ. ጂ. ሆስኪንስ በ1955 ያሳተመው “የእንግሊዝ መልክዓ ምድር አፈጣጠር” የተሰኘው ሥራ፣ አጥርን፣ መንገድንና የእርሻ ትልምን እንደ ጽሑፍ ማስረጃ ማንበብን ለብዙ ሺህ ሰዎች ያስተማረ ነው። ባለ ውለታነቱ አይካድም። ነገር ግን ሆስኪንስ ወደ ራሱ ዘመን ሲደርስ ሐዘንተኛ ይሆናል፤ ከ1914 ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ በተለይም የጦር አውሮፕላን ማረፊያው፣ አገሩን ያበላሸ ሆኖ ይታየዋል። ሐዘኑ ከልብ ቢሆንም የቀድሞውን መልክዓ ምድር ሰላማዊ አድርጎ የማሳየት አደጋ አለበት። ዋራም ፐርሲ ለዚህ ዓይነቱ ናፍቆት መልስ ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው ጸጥተኛ አረንጓዴ ሸለቆ ራሱ በ1500 አካባቢ የተፈጸመ የማፈናቀል ውጤት ነውና።

ከመቃብር ሥፍራው የወጡት ወደ ሰባት መቶ የሚጠጉ አፅሞችም ሌላ የአነባበብ ፈተና ሆነዋል። በ2017 የወጣ ጥናት ከሞት በኋላ የተቆራረጡና የተቃጠሉ የአሥር ያህል ሰዎች አጥንቶችን መርምሮ፣ ድርጊቱ ሙታን ከመቃብር ተነሥተው እንዳይዞሩ ከመስጋት የመነጨ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። የጥናቱ አቅራቢዎች ሌሎች አማራጮችንም መዝነው በጥንቃቄ ያሉትን፣ ጋዜጦች “ዞምቢ” ብለው አራገቡት። ከእነዚሁ አፅሞች የተገኘው ሌላ ውጤት ግን ያን ያህል ሰሚ አላገኘም፤ የዋራም እናቶች ልጆቻቸውን እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጡት ያጠቡ ነበር። ስማቸው በየትኛውም ሰነድ ላይ ስላልሰፈረ ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ መቻል ከማንኛውም የሙታን መንፈስ ታሪክ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

በዋራም ላይ የሚሰነዘር አንድ ተገቢ ወቀሳ አለ። ዝናው ከሦስት ሺህ መንደሮች የአንዱን ታሪክ የሁሉም አስመስሎታል። እያንዳንዱ መንደር የራሱ አፈር፣ የራሱ ጌታ፣ የራሱ አሟሟት ነበረው። ከዚህም በላይ ዋራም ሊነበብ የቻለው ስላልታረሰ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የትራክተር ማረሻ በእንግሊዝ ብዙ የጥንት ትልሞችንና የቤት መሠረቶችን ደምስሷል፤ ዋራም የተረፈው ለበጎች ግጦሽ በመተው ነው። እንግዲህ ሰዎቹን ያስወጣው በግ የቤታቸውን አሻራ ደግሞ ለአምስት መቶ ዓመት አቆየላቸው ማለት ነው።

ይህ ለባሮን ሂልተን ምስጋና የሚያስገኝ አይደለም፤ ማፈናቀሉን እንጂ ቅርስ መጠበቁን አላሰበምና። ቅርስ ለምንወድ ሁሉ ግን ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። አንድን አሮጌ ቦታ ውብና ጸጥተኛ ሆኖ ስናገኘው፣ ጸጥታው በምን ዋጋ እንደመጣ ሳንጠይቅ ማድነቃችን ያስወጣቸውን ወገን አመለካከት ሳናውቀው እንድንወርስ ያደርገናል። የቤረስፎርድ፣ የኸርስትና የተከታዮቻቸው ሥራ ዋጋው ይህን ጥያቄ እንድንጠይቅ ማስቻሉ ነው።