«በአማካይ» የምትለው ቃል፦ የወባ ቀመር ምን አሳየን? ምንስ ደበቀብን?

ክፍል ውስጥ ኤክስፖነንት ስትማሩ «ኧረ ይሄ ነገር የት ሊጠቅመን ነው?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ የምንመለከተው የወባ ቀመር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ግን የመጣነው ልናደንቀው ብቻ አይደለም፤ ልንፈትሸውም ነው። የሂሳብ ሞዴልም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ሂስ ይገባዋል። እንዲያውም ከፊልም የበለጠ ይገባዋል፤ ሞዴል ሲሳሳት ሰው ይታመማል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሮናልድ ሮስ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ሲሠራ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እዚህ ድረስ ነው። ሮስ ግን ሂሳብም ይወድ ነበር። በዘመኑ «ትንኝን ሁሉ ገድሎ መጨረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ልፋቱ ከንቱ ነው» የሚሉ ነበሩ። ሮስ በ1911 ባወጣቸው እኩልታዎች መለሰላቸው፦ ሁሉንም መግደል አያስፈልግም። አንድ በሽተኛ በአማካይ ከአንድ በላይ አዲስ ሰው ካስያዘ ወባ ይስፋፋል። ከአንድ በታች ካስያዘ ግን ትንኞች እያሉም በሽታው ቀስ በቀስ ይከስማል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ግን ያለ ሂሳብ በዓይን የሚታይ አልነበረም።

በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ የተባለ ሌላ የወባ ተመራማሪ ቀመሩን አሻሻለው። የእሱ ጥያቄ «ትንኞቹ ስንት ናቸው?» ብቻ አልነበረም፤ «ስንት ቀን ይኖራሉ?» የሚልም ነበር። ምክንያቱም ትንኟ የበሽተኛ ደም እንደጠጣች ወዲያው በሽታ አታስተላልፍም። ተውሳኩ በውስጧ አድጎ ምራቋ ጋ መድረስ አለበት። ይሄ 10 ቀን ይፈጃል እንበል።

እስቲ ካልኩሌተራችሁን አውጡና አብረን እናስላ። አንዲት ትንኝ አንዱን ቀን ተሻግራ ለነገ የመድረስ ዕድሏ 0.9 ከሆነ፣ 10 ቀን የመቆየት ዕድሏ 0.9 ለ10 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.35 ገደማ ነው። ከ100 ትንኞች 35ቱ ለማስተላለፍ ይደርሳሉ ማለት ነው። አሁን በኬሚካል የተነከረ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት የቀን ዕድሏን ወደ 0.8 አወረዱት እንበል። ከ100 የሚደርሱት 11 ብቻ ይሆናሉ። እነዚያም ቢሆኑ ከዚያ በኋላ የሚኖሩት በአማካይ 9 ቀን ተኩል መሆኑ ቀርቶ 4 ቀን ተኩል ይሆናል። ሁለቱን ስታባዙ ስርጭቱ በሰባት እጥፍ ገደማ ይቀንሳል! ያቆረ ውሃ አፋስሳችሁ የትንኞችን ቁጥር በግማሽ ብትቀንሱት ግን፣ በዚሁ ቀመር ስርጭቱም የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው።

ይህ የቀመሩ ትልቁ ጥንካሬ ነው። ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ የምታርፍ ትንኝን ዕድሜ ማሳጠር ለምን ይህን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር አሳየ። የጤና ባለሙያ ወደ ቤታችሁ መጥቶ ግድግዳ ሲረጭ፣ ከጀርባው ይሄ ኤክስፖነንት አለ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 ወባን ከምድር የማጥፋት ዘመቻ ሲጀምር፣ ዋናው መሣሪያ ዲዲቲ የተባለው ኬሚካል ነበር፤ የማክዶናልድ ስሌትም ለዘመቻው ድጋፍ ሰጥቶታል። ዘመቻው ብዙ አገሮችን ከወባ ነፃ አወጣ። አብዛኛው አፍሪካ ግን ከመጀመሪያውም በሙሉ አልተካተተም፤ በ1969 ግቡ ራሱ ተከለሰ። ጥፋቱን ሁሉ ቀመሩ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ትንኞች ኬሚካሉን ተላመዱ፣ ገንዘብም አጠረ። ቢሆንም ቀመሩ ውስጥ በጥርጣሬ ልናያት የሚገባ አንዲት ቃል አለች፦ «በአማካይ»።

መጀመሪያ ሰውን እንይ። ቀመሩ ሁሉም ሰው እኩል ይነከሳል ብሎ ይነሳል። በአንድ መንደር 10 ሰዎችና 10 ንክሻዎች አሉ እንበል። እኩል ከተካፈሉ ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል። ግን ረግረግ አጠገብ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አራት አራት ጊዜ ቢነከሱና የቀሩት ስምንቱ ሁለቱን ንክሻ ቢካፈሉስ? አማካዩ ያው አንድ ነው። ብዙ የሚነከስ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፦ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፣ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ለብዙ ትንኞች ያቀብላል። ስለዚህ መደመር ያለበት የንክሻው ስኩዌር ነው። በመጀመሪያው መንደር ድምሩ 10፣ በሁለተኛው 32.5 ይመጣል። በአማካይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መንደሮች በስርጭት ከሦስት እጥፍ በላይ ተለያዩ! አማካዩን ብቻ ያየ ባለሙያ ሁለተኛውን መንደር አቅልሎ ይገምታል።

ቀጥሎ የአየሩን ሁኔታ እንይ። «10 ቀን» ያልነው ቋሚ ቁጥር አይደለም። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ተውሳክ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 12 ቀን፣ በ20 ዲግሪ ግን 28 ቀን ገደማ ይፈልጋል። 0.9ን 28 ጊዜ አባዙት፦ ከ100 ትንኞች የሚደርሱት 5 ብቻ ናቸው። ወባ የቆላ በሽታ ነው የምንለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሙቀቱ በሁለት ዲግሪ ብቻ ቢጨምር ግን ቀኑ ወደ 18 ተኩል ይወርዳል፤ የሚደርሱትም 14 ይሆናሉ።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው በዛ። ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አካባቢ አጥለቀለቀው። ሕዝቡ በሽታውን አዘውትሮ ስለማያውቀው የመከላከል አቅም አልነበረውም። በተሠራው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። የብዙ ዓመት አማካይ ሙቀትን ቀመሩ ውስጥ የሚከት ሰው ለዚያ አካባቢ «አያሰጋም» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ሰዎቹን የገደላቸው ግን አማካይ ዓመት ሳይሆን ያ ዓመት ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ምን ይሁን? ቀመሩ መጥፎ ነው? አይደለም። የቱ ነገር ይበልጥ እንደሚያመዝን በማሳየት ረገድ ድንቅ ነው። ነገ እዚህ ቦታ ምን እንደሚከሰት ለመናገር ግን በአማካይ ብቻ ሲሞሉት ያሳስታል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ዛሬም ፈተናው አላለቀም። በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ በበጋም ቢሆን። ቀመሩ ያው ነው፤ ውስጡ የሚገቡት ቁጥሮች ግን ለቆላ ገጠር የለመድናቸው አይደሉም። ስለዚህ የማንኛውም ሞዴል ውጤት ሲነገራችሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይሄ አማካይ የማን ነው?»