የአዳራሽ ሥልጠና

ሥልጠና በእኛ አገር መልኩ አንድ ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ ፓወር ፖይንት፣ የሻይ ሰዓት፣ አበል፣ ሰርተፊኬት። ሠልጣኙ የባንክ ሠራተኛም ይሁን የጉለሌ ሸማኔ ለውጥ የለውም። ልዩነቱ ኪስ ላይ ነው። የባንክ ሠራተኛው አዳራሽ ሲውል ደመወዙ አይቆምም። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አዳራሽ ሲውል ግን መወርወሪያው ቆሟል፤ ለቅዳሜ ገበያ የታሰበችው ነጠላ አትደርስም።

ታዲያ ይህን ሰው አስቀምጠው ምን ያስተምሩታል? “ኢንተርፕረነርሺፕ”! ሰውየው እኮ ክር በዱቤ አምጥቶ፣ ሸምኖ፣ ከነጋዴ ጋር ተከራክሮ ልጆች ያሳደገ ነው።

ሙያውንስ የተማረው በስላይድ ነው እንዴ? ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጣው የሸማኔ ልጅ መጀመሪያ ክር ያደውራል። ቀሰሙ ላይ እየጠቀለለ የአባቱን እጅና እግር ያያል። ቆይቶ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን ይለምዳል። ሲሳሳት ድሩ ራሱ ተበጥሶ ይነግረዋል። ጥለት የሚሰጠው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። (ሕፃናትን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማሠራቱን እያመሰገንኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።)

ካይዘንንም እንዲሁ አደረግነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓኖች እገዛ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። የነገሩ ሥር ሥራው ያለበት ቦታ ወርዶ ማየት ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ግን አምስቱ “ማ”ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቀሩ። ማዝለቁ ራሱ አልዘለቀም።

አሠልጣኙ ሸማኔው ቤት ሄዶ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ነጠላ ስንት ቀን ፈጀችብዎ? ክሩስ ስንት ገባ? ድውሩን ማን ሠራው?” ቢል ትምህርቱ ያኔ ይጀመራል። ሸማኔው የክሩን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል። የራሱንና ክር የምታደውርለትን ባለቤቱን ድካም ግን ስንቱ ነው ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው? ነጋዴው የሚረታው እዚች ላይ ነው። ይህን በሰውየው በራሱ ነጠላ ማስላት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ፣ “ጋሼ፣ በስንት ሸጧት?” ማለት ነው።

ተመልሶ ለመጠየቅ ግን በጀት የለም። በጀቱ ለአዳራሹ ኪራይና ለባነሩ ሄዷል። ሪፖርቱም “ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ” ይላል እንጂ የማን ነጠላ በስንት እንደተሸጠ አይጽፍም።