«ፍሬን ተበጠሰ»፦ የሚኒባስ ብልሽቶችን በሚመለከቱ የጥገና ትርጉሞች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ መኪና ጥገና የተጻፈ ትርጉም ሲመረመር፣ የመርማሪው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በስሞች ላይ ነው። «ካምቢዮ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ሞተሪኖ»፣ «ኩሽኔታ» ባዕዳን ናቸውና ይተኩ፣ ወይስ ሕዝብ ለምዷቸዋልና ይቆዩ በሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈሷል። እኛ ግን ለሚኒባስ ሾፌሮችና ለጋራዥ ሠራተኞች ከእንግሊዝኛ የሚመለሱትን የብልሽትና የጥገና ሠንጠረዦች ስንመለከት፣ ችግሩ ከስሙ ይልቅ በግሡ ላይ የጸና ሆኖ አግኝተነዋል። ይህ ሂስ የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

1. ስለ ስሞች

የስሙን ጉዳይ በአጭሩ እናሳልፈው። ጋራዦቻችን የሚሠሩባቸው ስያሜዎች በብዛት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በሙያው ላይ በቆዩ ጣልያናውያን እጅ ተስፋፍተዋል። «ካንዴላ» ለጣልያኑ ሻማ፣ «ፍሬቻ» ፍላጻ፣ «ኩሽኔታ» ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ለእኛ ግን ምስሉ ሁሉ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ይህም ለሙያ ቃል ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ አንዱ ስም ለአንዱ ዕቃ ይቆማልና። በአንጻሩ «ሞተሪኖ» ባዕድ ነው ተብሎ በ«ማስነሻ» ቢተካ፣ ቁልፉም፣ በእጅ የሚዞረው ማኑቬላም፣ ሞተሪኖውም «ማስነሻ» ይሆናሉ። ከግሥ የተወለደ የመሣሪያ ስም አወጣጡ ያማረ ቢሆንም፣ ሦስት ዕቃዎችን በአንድ ስም የሚጠራ ሠንጠረዥ ሠራተኛውን ያላንዳች ምክንያት ጤነኛውን ዕቃ ያስፈታዋል።

ይህ ሲባል የውሰት ቃል ሁሉ ከነቀፋ ነፃ ነው ማለታችን አይደለም። «ካንዴላ» በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ነው። በናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ሲሆን፣ በዚያ ያለው «ካንዴላ» የቀዘቀዘውን ሞተር ከመነሣቱ በፊት የሚያሞቅ ነው። «የካንዴላውን ክፍተት አስተካክል» የሚል መመሪያ ለመጀመሪያው እንጂ ለሁለተኛው አይሠራም። ስለዚህ «ባለብልጭታ ካንዴላ» እና «ማሞቂያ ካንዴላ» ተብለው ቢለዩ እንመርጣለን።

2. ስለ ግሦች

ሀ. መዞርና መነሣት። የእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ለየብቻ የሚያስቀምጣቸውን ሁለት ምልክቶች ብዙ ትርጉሞች «ሞተሩ አልነሣ ሲል» በሚል አንድ ርእስ ይጠቀልሏቸዋል። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ወይም «ቀጭ» ብሎ ከቀረ፣ ምርመራው ወደ ባትሪው፣ ወደ ገመዱ ማሰሪያና ወደ ራሱ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ግን ባዶ እንደ ሆነ ይቆጠራል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ደግሞ ባትሪ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጉድለቱ በነዳጁ ወይም በማቀጣጠያው በኩል ይፈለጋል። አማርኛ ለዚህ «አይዞርም» እና «ይዞራል፣ ግን አይነሣም» የሚል ግልጽ ልዩነት አለው። ባለጠጋ የሆነ ተርጓሚ ስለ ምን ይለምናል?

ለ. መሞቅና መጋል። መሞቅ የጤነኛ ሞተር ጠባይ ነው፤ መጋል ግን ሕመሙ ነው። «ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ፈትሽ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለቱን አንድ አድርጓል። ከዚህም የከፋው፣ መመሪያውን ቃል በቃል የፈጸመ ሾፌር የፈላ ውሃ ፊቱ ላይ ይገነፍልበታል። «ክዳን» ብቻ ማለትም ሥራውን ይሰውራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ጎሚኒው የተበላ ክዳን ራዲያተሩ ደኅና ሳለ ውሃውን ያፈላል። እኛ «ሞተሩ ከጋለ አጥፋው፤ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ግፊት ያዡን ክዳን ፈትሽ» እንላለን። ማስጠንቀቂያው ከትእዛዙ መቅደሙን ልብ ይሏል። እንግሊዝኛው ገደቡን በዓረፍተ ነገሩ ጅራት ላይ ቢያስከትል፣ አማርኛ በተፈጥሮው ያስቀድመዋል፤ ይህን ተፈጥሮ ማፍረስ የሰው እጅ ማቃጠል ነው።

ሐ. መቃጠል። «ፊውዙ ተቃጠለ» የሚለው አነጋገር በራሱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው በሠንጠረዡ «መንስኤ» በሚለው ዓምድ ሥር ሲሰፍር ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ሥራውን የፈጸመ ፊውዝ ነው፤ ብልሽቱ ከሌላ ቦታ፣ ምናልባት ልብሱ ከተላጠና ብረት ከነካ ሽቦ ነው። ፊውዙን እንደ በሽታ የሚያቀርብ ትርጉም፣ አንባቢው በባለ 10 አምፔሩ ፈንታ ባለ 30 እንዲተክል፣ ሲብስም በመዳብ ሽቦ እንዲያያይዘው ይጋብዘዋል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው መኪናው ነው።

መ. መበጠስ። «ፍሬን ተበጠሰ» በዕለት ንግግርም በአደጋ ዜናም የተለመደ ነው። ታሪኩም ያስገርማል፤ «ፍሬን» በላቲን አባቱ ልጓም ማለት ስለ ሆነ፣ ሕዝባችን ሳያውቀው ግሡን ከሥሩ ጋር አጋብቶታል፤ ልጓም ይበጠሳልና። ነገር ግን የሚኒባስ ፍሬን የሚሠራው በቱቦ ውስጥ ባለ ዘይት ግፊት ነው፤ በአንዲቱ «ተበጠሰ» ሥርም ቢያንስ አራት ብልሽቶች ተደብቀዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ከለሰለሰና ደጋግመው ሲረግጡት ከጠነከረ፣ አየር ገብቷል፤ አየሩ ይውጣ። እግር ተጭኖት ሳለ ቀስ በቀስ ከሰመጠ፣ ዘይቱ በውጭ ይፈሳል ወይም በዋናው ፓምፕ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፤ መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ፣ ሸራው አልቋል፤ ይለወጥ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ጠንክሮ ሳለ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ፣ ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል፤ ይህን «ፍሬኑ በሙቀት ደከመ» ብንለው ይስማማናል። መድኃኒቱም ከጋራዥ በፊት ከሾፌሩ ዘንድ ነው፤ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ማርሽ ቀንሶ መውረድ። «ተበጠሰ» የሚለው ግሥ አደጋውን ድንገተኛ ዕጣ ያስመስለዋል፤ የቀሩት አራቱ ግሦች ግን አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ።

3. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንድ መመዘኛ እናወጣለን። በጥገና ጽሑፍ ውስጥ የሙያ ቃል የሚመዘነው በሥሩ ንጽሕና ወይም በድምፁ ውበት አይደለም፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ሁለት ብልሽቶችን ለይቶ በማቆሙ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው አንድ ቃል ከመምረጡ በፊት «ይህን ያነበበ ሰው እጁን ወዴት ይሰዳል?» ብሎ ይጠይቅ። የቃላት ሰብሳቢውም ከስሞች ዝርዝር ጋር ለሰለሰ፣ ሰመጠ፣ ነከሰ፣ ተበላ፣ ላላ፣ አንጠባጠበ የሚሉትን የጋራዥ ግሦች ከነአገባባቸው ይመዝግብ። እኛም በቃላት ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም፤ ለስሞች ስንከራከር ግሦቹን ደጅ አስቀርተናቸዋልና። በዚህ ላይ የተሻለ ሐሳብ ያላቸውን፣ በተለይም የሙያውን ሰዎች ቋንቋ በቅርብ የሚያውቁ አንባብያንን፣ አስተያየታቸውን እንዲያካፍሉን በትሕትና እንጋብዛለን።