የመሰለ ገደቡ የምርምር ሥራና የቶንጎ ጥያቄ

በኢትዮጵያ የሕክምና ምርምር ታሪክ መድኃኒትን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በተከታታይ ካጠኑት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ማይክሮባዮሎጂስት መሰለ ገደቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1988 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያሳተሟቸው ጽሑፎች ከሳልሞኔላ ተነሥተው፣ በሺጌላ አልፈው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ ሕሙማን ላይ እስከሚደርሰው ኢንፌክሽን ይዘልቃሉ። ጽሑፎቹ በኋላ ዘመን ጥናቶች መግቢያ ላይ ደጋግመው ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ መጠቀስና መመዘን አንድ አይደሉም። ሥራው ምን እንዳስገኘና እስከ የት እንደሚያደርስ ለመለየት፣ ከዋና ከተማው እጅግ ርቆ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ሆኖ ማንበብ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል የወጣው የሳልሞኔላ ጥናት የሥራውን አቅጣጫ ያሳያል። ጥናቱ በአዲስ አበባ የተገኙት ባክቴሪያዎች የትኛውን መድኃኒት እንደሚቋቋሙ ከመዘርዘር አልፎ «አር ፋክተር» የሚባለውን፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፈውን የመላመድ ባሕርይ ተሸካሚ ፈትሿል። ይህ ጥያቄ መነሻው ጃፓን ነው። በዚያ አገር በ1950ዎቹ ሰልፎናማይድን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ቴትራሳይክሊንን በአንድነት የሚቋቋም ሺጌላ ተከሠተ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦቺያይና አኪባ የመሯቸው ቡድኖች ይህ ባሕርይ ከኢ. ኮላይ ወደ ሺጌላ፣ ከሺጌላም ወደ ኢ. ኮላይ እንደሚተላለፍ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ መላመድ የአንድ ባክቴሪያ የግል ለውጥ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አልቻለም። ለሳል ተብሎ የተሰጠ አምፒሲሊን በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖረውን ባክቴሪያ ሊያላምድ ይችላል፤ ያም ባክቴሪያ ያገኘውን ባሕርይ ነገ ለሚመጣው ሺጌላ ሊያወርስ ይችላል። መሰለ ገደቡ ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ባክቴሪያዎች ላይ ማንሣታቸው ሥራቸውን ከተራ ቆጠራ ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ዓቢይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1982 በካምብሪጁ የሃይጂን ጆርናል የታተመው የሺጌላ ጥናት ነው። ጥናቱ በአዲስ አበባ የሺጌላ ዝርያዎች በምን ያህል ድግግሞሽ እንደሚገኙና በላቦራቶሪ ምርመራ ለየትኞቹ መድኃኒቶች እንደሚሸነፉ አንድ ላይ ያቀርባል። የሁለቱ ጥምረት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከጓቲማላ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በዚያ አገር የሺጌላ ዲሴንትሪዬ ዓይነት 1 ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ደም የቀላቀለው ተቅማጥ በመጀመሪያ የአሜባ ነው ተብሎ ታከመ። ባክቴሪያው ተለይቶ ሲታወቅም በጊዜው የተለመዱትን በርካታ መድኃኒቶች የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በጓቲማላ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥፋቱን ያባባሱት ሁለት ክፍተቶች ነበሩ፤ የመጀመሪያው የበሽታውን አምጪ አለማወቅ፣ ሁለተኛው የሚያድነውን መድኃኒት አለማወቅ ነው። የ1982ቱ ጽሑፍ ሁለቱንም ክፍተቶች፣ ለአንድ ከተማም ቢሆን፣ ለመዝጋት የተደረገ ጥረት ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ድፍረት የጠየቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987ና በ1988 መሰለ ገደቡ ከኢያሱ ሀብተ ገብር፣ ከስዊድናዊው ጎራን ክሮንቫልና ከሌሎች ጋር በመሆን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ የሚያዙ ኢንፌክሽኖችን አጠኑ። ከቀዶ ሕክምና ሕሙማን ከመቶ 16፣ ከማኅፀንና ጽንስ ሕሙማን ደግሞ ከመቶ 17 ያህሉ ኢንፌክሽኑን ያገኙት በሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። የራስን ቤት ጉድለት ለክቶ በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ማውጣት ዛሬም ቀላል ነገር አይደለም። ሆስፒታል ሕመም የሚድንበት ብቻ ሳይሆን የተላመደ ባክቴሪያ የሚዛመትበትም ስፍራ መሆኑን ለአገራችን ባለሙያዎች በቁጥር ካስረዱት ቀደምት ሥራዎች እነዚህ ይገኙበታል።

የሥራው ወሰን የሚታየው ደግሞ በራሱ በርእሱ ላይ ነው። የሳልሞኔላውም የሺጌላውም ጽሑፍ «ከአዲስ አበባ» የሚል ቃል በርእሱ ይዟል። ደራሲው የቦታውን ስም ሳይሸሽጉ ማኖራቸው የሳይንሳዊ ጨዋነት ምልክት ነው። የአንድ ከተማ ቁጥር ግን ሲጠቀስ ሲጠቀስ የቦታው ስም ይዘነጋና «በኢትዮጵያ» ወደሚል አጠቃላይ ፍርድ ይለወጣል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚደርሰው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ከፋርማሲ ወይም ከሌላ ጤና ተቋም መድኃኒት የወሰደ፣ ሕመሙም የጠናበት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚገኝ ባክቴሪያ በማኅበረሰቡ ውስጥ ካለው ይልቅ የተላመደ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም። ስለዚህ ከሆስፒታል የተገኘ መቶኛ ለገጠሩ እውነቱን ሊያጋንን ይችላል፤ መድኃኒት ያለ ማዘዣ በሚሸጥበትና ሕክምና በሚቋረጥበት አካባቢ ደግሞ ሊያሳንስ ይችላል። በየትኛው ወገን እንደተሳሳተ የሚታወቀው በቦታው ሲለካ ብቻ ነው። በዲስክ ዙሪያ የሚለካው ክብም የባክቴሪያውን ጠባይ ይናገራል እንጂ የሕመምተኛውን መዳን አይናገርም።

ቶንጎ የምትነሣው እዚህ ላይ ነው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ለሱዳን ድንበር የቀረበች ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ውጊያ ከተቀሰቀሰ በኋላ በአካባቢዋ የስደተኞች መጠለያ ተቋቁሞ ነበር፤ መጠለያው በጥር 2014 ዓ.ም. ተዘርፎና ተቃጥሎ ነዋሪዎቹ ተበትነዋል። ሰው በተጨናነቀበት፣ ውኃና መጸዳጃ በማይበቃበት ሁኔታ ሺጌላ በቀላሉ ይዛመታል፤ ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 100 የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይበቁታልና። ይኸው ባክቴሪያ ግን ከሰው አካል ከወጣ በኋላ ደካማ ነው። የዓይነ ምድር ናሙና በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በማሳደጊያ ላይ ካልተዘራ፣ ካሪ ብሌር በተባለው ማጓጓዣ ውስጥ ገብቶ በቅዝቃዜ መያዝ ይኖርበታል። አለዚያ ሺጌላው በመንገድ ላይ ይሞትና ላቦራቶሪው «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ የአገሪቱን የመላመድ ካርታ የሚሥለው የባክቴሪያው ስርጭት ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ርዝመትና የበረዶ ሣጥኑ መኖር ጭምር ነው። ከሩቅ ወረዳ ቁጥር አለመምጣቱ ችግሩ በዚያ የለም ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ጉድለት በአንድ ተመራማሪ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። አንድ ሳይንቲስት ዘዴን ማሳየት ይችላል፤ ዘዴውን በየክልሉ ማዝለቅ ግን የመንግሥትና የሙያው ማኅበረሰብ ድርሻ ነው። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚመራው አገር አቀፍ የመላመድ ቅኝት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከሳልሞኔላው ጽሑፍ እስከዚያ 36 ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት የወጣው ዓለም አቀፍ ስሌት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። የመዘግየት ዋጋ ከዚህ ቁጥር ተነጥሎ አይታይም።

ካልቸር በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያም ከዚህ የምርምር ዘመን የሚወርሰው ነገር አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲፕሮፍሎክሳሲን ተጀምሮለት በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ፣ ደሙና የምግብ ፍላጎቱ ካልተሻሻለ፣ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱ እንዲለወጥ ያዝዛል። ይህ ክትትል በመዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ ስንቱ እንደታከመና ስንቱ እንዳልተሻለው በየወሩ ከተቆጠረ፣ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሆናል። ያልተሻለው ሁሉ የተላመደ ባክቴሪያ አለበት ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ተቋርጦ፣ ጥራቱ ጎድሎ ወይም በሽታው አሜባ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሲጨምር ግን ናሙና በቅዝቃዜ ወደ አሶሳና ከዚያም በላይ ወዳለው ላቦራቶሪ ለመላክ በቂ ምክንያት ይኖራል።

የመሰለ ገደቡ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው፣ ስለ መላመድ የሚነገር ቁጥር ሁሉ የቦታ ስምና ዓመተ ምሕረት ሊኖረው እንደሚገባ ነው። እሳቸው «አዲስ አበባ» ብለው ጻፉ። «ቶንጎ» የሚለውን የሚጽፍ ሌላ እጅ ያስፈልጋል።